ሃያ ዓመት ቆይቶ የሚከፈት የቤተሰብ ደብተር

በየቤቱ አንድ የማይጣል ደብተር አለ። የእቁብ ተራ፣ የዕድር መዋጮ፣ የልጆች የክትባት ቀን፣ የክርስትና ስም፣ የአያት የደም ግፊት ልክ ሁሉ እዚያው ነው። ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር ተይዟል፤ መሀሉ ላይ ዘይት ፈስሶበታል። አሁን አሁን ልጆቻችን «ኮምፒውተር ላይ እናስገባው» ይላሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሃያ ዓመት በኋላ ይህን ፋይል የሚከፍተው ሰው በምን ይከፍተዋል?

በእኛ ቤተሰብ የሆነውን ላንሳ። አጎቴ የዘር ቆጠራችንን እስከ ሰባት ቤት ድረስ እየነገረ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ በኮምፒውተር አስጽፎት ነበር። ፋይሉ ዛሬም አለ። ሲከፈት ግን አማርኛ የለም፤ የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና የዶላር ምልክት ተደባልቆ ይወጣል። ጥፋቱ የጸሐፊዋ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ፕሮግራሞች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ ያስቀምጡት ነበር፤ አቀማመጡም ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያያል። ፎንቱ ከጠፋ ንባቡም ጠፋ ማለት ነው። በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚያስታውስ ሰው አላገኘንም። አጎቴም በሕይወት የለም።

ለዚህ ነው የቤተሰብ መዝገብ በተራ ጽሑፍ ይያዝ የምለው። ተራ ጽሑፍ ማለት ፊደል ብቻ ያለበት፣ ከጀርባው የተደበቀ ነገር የሌለው ፋይል ነው። የዛሬ ፊደላችን ደግሞ በዩኒኮድ ስለሚጻፍ ማንኛውም ኮምፒውተር ያነበዋል። ችግሩ ተራ ጽሑፍ በጣም ተራ መሆኑ ነው፤ ሰንጠረዥ የለው፣ ርዕስ የለው።

ይህን ጉድለት የሚሞላ ኦርግ ሞድ የሚባል ነገር አለ። ኢማክስ በተባለ የቆየ የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ የሚሠራ ነው፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ኦርግ ሞድን እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው ካርስተን ዶሚኒክ የተባለ በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ነው፤ የራሱን ማስታወሻዎች መልክ ለማስያዝ ብሎ። የከዋክብት ሰው ስለሆነ ይሁን አይሁን እንጃ፣ ርዕስ የሚጻፈው በኮከብ ምልክት ነው። መስመሩ በአንድ ኮከብ ከጀመረ ዋና ርዕስ ነው፤ በሁለት ከጀመረ ከሥሩ ያለ ንዑስ ርዕስ ነው። አያቶችን በአንድ ኮከብ፣ ልጆቻቸውን በሁለት፣ የልጅ ልጆችን በሦስት ብትጽፉ የዘር ቆጠራው በራሱ መልክ ይይዛል። ርዕሱ ላይ ሆናችሁ ታብ የሚለውን ቁልፍ ስትነኩ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይታጠፋል፤ ደግማችሁ ስትነኩት ይዘረጋል።

ሰንጠረዡም እንዲሁ ነው። ቀንና የግፊት ልክ በቁም መስመር እየለያችሁ ትጽፋላችሁ፤ ታብ ስትነኩ ዓምዶቹን ፕሮግራሙ ራሱ ያስተካክላል። የሳምንቱን አማካይ ወይም የዕድሩን ድምር የሚያሰላ ቀመርም ከሰንጠረዡ ሥር ይጻፍለታል። የግዕዝ ፊደላት ስፋታቸው እኩል ስላልሆነ መስመሮቹ ስክሪኑ ላይ ትንሽ ሊወላገዱ ይችላሉ። አትጨነቁ፤ ሲታተም ይስተካከላል።

ለአማርኛ መጻፊያ ሌላ ፕሮግራም መጫን የግድ አይደለም፤ ኢማክስ የራሱ አለው፤ በላቲን ቁልፎች ድምፁን እየነካችሁ ነው የሚጻፈው። በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ሰላምታ የሚያሳይ ገጹ ላይም አማርኛ አለ። «ሠላም» ብለው በንጉሡ ሠ ነው የጻፉት፤ ፊደል ጠንቃቃ አያቶች ይታዘቧቸዋል።

እኔን ይበልጥ ያስደሰተኝ ግን የቀን መቁጠሪያው ነው። በየቤቱ ልደት በእኛ አቆጣጠር ይታወቃል፤ ፓስፖርትና የውጭ ቅጽ ደግሞ በፈረንጅ ይጠይቃል። በኢማክስ ቀን መቁጠሪያ ውስጥ ፒ ቀጥሎም ኢ ብትነኩ፣ ያላችሁበት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስንት እንደሆነ ይነግራችኋል። ጂ ቀጥሎም ኢ ከሆነ ግን የኢትዮጵያን ዓመት፣ ወርና ቀን ይጠይቃል፤ መስከረም 1 ቀን 2000 ብትሉት ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ላይ ያሳርፋችኋል። የወሮቻችን ስም በላቲን ፊደል ስለሆነ መስከረም «ማስካራም» ተብሎ ነው የሚነበበው። ይቅር እንበላቸው።

መዝገቡ ካለቀ በኋላ ኮንትሮልን ይዛችሁ ሲ እና ኢን በተከታታይ ስትነኩ የማውጫ ዝርዝር ይመጣል። ለአማርኛ የሚቀናው ወደ ድረ ገጽ መልክ ቀይሮ በብሮውዘር ከፍቶ ማተም ነው። ፒዲኤፍ በቀጥታ ማውጣት ለግዕዝ ፊደል ተጨማሪ ማስተካከያ ይፈልጋል፤ ጀማሪ አይድከምበት።

ነገሩ በአንድ ቀን አይለመድም። የመጀመሪያው ሳምንት ያሰለቻል፤ ቁልፎቹ ብዙ ናቸው። ስለዚህ አያት ይናገር፣ የልጅ ልጅ ይጻፍ። ቁልፍ የሌለው ፋይል መሆኑንም አትርሱ፦ ኮምፒውተሩን የከፈተ ሁሉ ያነበዋል፤ የባንክ ቁጥርና ለሁሉ የማይነገር የቤት ጉዳይ እዚያ አይግባ። ቅጂው በፍላሽ አንድ ዘመድ ቤት ይቀመጥ።

እናቴ ኮምፒውተር አትነካም። ዘር ቆጠራውን በሰማነው ያህል እንደገና ጽፌ፣ በትልልቅ ፊደል አትሜ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ሁለት የክርስትና ስሞች በእስክርቢቶ አረመች። ከዚያ «ይቺ ልጅ የት ሄደች?» ብላ፣ በሕፃንነቷ የሞተች ታላቅ እህቷን ስም ከዳሩ ላይ ጻፈችልኝ። እኛ ልጆቿ ይህን ስም ሰምተነው አናውቅም ነበር። በሁለት ኮከብ፣ ከእናቴ ስም በላይ አስገባኋት።