ዋናው ቮይስ አይነካ፣ የሚቆረጠው ግልባጩ ይሁን

እህቶቼ፣ በየግሩፑ ስለምንቀባበለው ቮይስ የምለው አለኝ።

ደሞዟ የተያዘባት ወይም ኢቃማ ያልወጣላት እህት ከመካም ይሁን ከጅዳ ብሶቷን በድምፅ ትልካለች። እኛም አንጀታችን ይበላና ሳንሰማው እንኳን ለሌላ ግሩፕ እናስተላልፈዋለን። ቮይሱ ውስጥ ግን የራሷ ስም አለ፣ የሰፈሩ ስም አለ፣ የከፊሉም ስም አለ። ዞሮ ዞሮ ማዳም ጆሮ ከደረሰ የሚብስባት እሷው ናት። ሌሎች ደግሞ ከፊሉ የላከውን ቮይስ ይወስዱና የሰደበበትን ብቻ ቆርጠው አስቀርተው ዋናውን ያጠፉታል። እኔ ሁለቱም ጉዳት ነው እላለሁ።

ሕጉን እንየው። የሳውዲ የሳይበር ወንጀል ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በስልክ የሰው ገመና ውስጥ የገባና በኢንተርኔት ስም ያጠፋ ሰው እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 500,000 ሪያል ቅጣት፣ ወይም ሁለቱም ሊደርስበት ይችላል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የማስረጃ ሕግ ዲጂታል ማስረጃን ይቀበላል። ስለዚህ «ደሞዝሽን በሚቀጥለው ወር እሰጣለሁ» ብሎ ከፊሉ ራሱ የላከልሽ ቮይስ ዋጋ አለው። ዋጋ የሚኖረው ግን እንደመጣ ሲቀመጥ ነው። የተቆራረጠ ድምፅ ይዘሽ ብትሄጂ፣ «ሌላውስ የታል?» ስትባዪ ምን ትመልሻለሽ? እውነትሽን ውሸት አስመሰልሽው ማለት ነው።

የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ለአቤቱታ የሚሆነው ዋናው ቮይስ አይነካ። ለግሩፕ የሚለቀቀው ግልባጩ ሆኖ ስሙ ተሸፍኖ ይውጣ። ለዚህ ኦዳሲቲ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም በቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጀመረ ነው፣ እስከዛሬም በነፃ ነው። ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል፣ ስለዚህ ድምፁ ከላፕቶፑ አይወጣም። ስልክ ላይ ያሉት የድምፅ መቁረጫዎች ብዙዎቹ ስልክ ቁጥሮቻችንንና ማይካችንን ፍቀዱ ይላሉ፣ አንዳንዶቹም ድምፁን ወደ ራሳቸው ሰርቨር ወስደው ነው የሚሠሩት። ኦዳሲቲንም ቢሆን ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ፤ ሌላ ቦታ ያለው ቫይረስ ሊኖርበት ይችላል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ቮይሱን በኬብል ወደ ላፕቶፕ አሳልፉ። አንዱን ፍላሽ ላይ አስቀምጡና እሱን እርሱት። ግልባጩን ኦዳሲቲ ላይ ክፈቱ። ስም የተጠራበትን ቦታ በማውስ ምረጡና ኮንትሮልና ኤልን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ያ ቦታ ፀጥ ይላል። ዲሊት አታድርጉት። ፀጥ ሲል ርዝመቱ አይቀየርም፣ ሰሚውም የተሸፈነ ነገር እንዳለ ያውቃል። ከተሳሳታችሁ ኮንትሮልና ዜድ ይመልሰዋል። ሴቭ ስትሉ ወደ ክላውድ ወይስ ወደ ኮምፒውተር ብሎ ከጠየቃችሁ ኮምፒውተር በሉ። ሴቭ የተደረገው ስልክ ላይ አይከፈትም፣ የሚላከውን ኤክስፖርት በሚለው አውጡት። ስሙንም ቀይሩት፣ አለበለዚያ በቀድሞው ላይ ሊጻፍበት ይችላል። ስለ ድምፁ መረጃ የሚሞላውን ሳጥን ባዶ ተዉት።

«ድምፄን አቅጥኑልኝ፣ አይታወቅም» የምትሉም አላችሁ። ያቀጠነው ፕሮግራም መልሶ ያወፍረዋል። ደግሞ አነጋገራችንና የምንተርከው ነገር ራሱ ማንነታችንን ይናገራል። ለሷ የሚያሰጋ ከሆነ ሌላ እህት ቃሏን ጽፋ በራሷ ድምፅ ታንብብላት።

«ላፕቶፕ ከየት ይምጣ?» ትሉኝ ይሆናል። ለሁላችንም አያስፈልግም፣ በማኅበራችን አንድ ካለ ይበቃል። ሁለት እህቶች ይልመዱትና በየጁምዓው የመጣውን ይሥሩ። «እስከዚያ እርዳታው ይዘገያል» ለምትሉም፣ የሚቸኩለው ነገር ለቆንስላው ወይም ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ መድረሱ ነው። እዚያ ዋናው ሳይነካ ዛሬውኑ ይሂድ። ለግሩፕ ሁለት ቀን ቢቆይ የሚጎዳ ሰው የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከፊሉ ራሱ የላከልንን ማስቀመጥና ቤቱ ውስጥ ተደብቆ መቅዳት አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ከሳሿን ተከሳሽ ሊያደርጋት ይችላል። ከመቅዳታችሁ በፊት ቆንስላ ወይም ሕግ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን ደንብ እናድርገው ብዬ አቀርባለሁ፦ ባለቤቷ ሳትፈቅድና ስም ሳይሸፈን ምንም ቮይስ ከግሩፓችን አይውጣ። የማትስማሙ ካላችሁ ምክንያታችሁን ይዛችሁ ኑ፣ እንነጋገርበት።