ሞተር ሲግል እናውቃለን፣ ጫጩት ሲግልስ?

ሶማሌ ተራ ለሄደ ሰው የመኪና ሆድ ዕቃ ተዘርግፎ የተሰጣ ይመስላል። ራዲያተር፣ ቴርሞስታት፣ የውሃ ፓምፕ፣ ቬንትሌተር፣ የሙቀት ጌጅ… ከዚያ ሁሉ ብረት ምን ያህሉ ለአንድ ጉዳይ ብቻ እንደተሠራ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሞተር እንዳይግል! የተራው ልጆች ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ ያውቁታል።

እዚያው ተራ ዕቃ የሚሸጥ አንድ የሰፈራችን ልጅ ታዲያ ባለፈው ሚያዝያ 200 የአንድ ቀን ጫጩቶች ገዝቶ ቤት አስገባ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ጫጩት 45 ቀን ገደማ አሳድጎ፣ ክትባቱን አስጨርሶ ለሚያረባ ሰው መሸጥ ዛሬ የብዙ ወጣት እንጀራ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል አዘጋጀ፤ መስኮቱን በላስቲክ ደፈነ፤ ሁለት ትልልቅ አምፖል አንጠለጠለ። በአራተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከሠላሳ በላይ ጫጩቶች ግድግዳ ግድግዳውን ተጠግተው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ሞተው ተገኙ። ልጁ ምን አለ መሰላችሁ? «ብርድ ነው የፈጃቸው!» ማታውኑ ሦስተኛ አምፖል ጨመረ።

በእሱ አልፈርድም። ጫጩት ስትገዙ የምትሰሙት ምክር አንድ ነው፤ «እንዳይበርዳቸው!» እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት። ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ገደማ የሰውነቷን ሙቀት ራሷ በደንብ መቆጣጠር አትችልም። ይህ ማለት ቶሎ ይበርዳታል ማለት ብቻ ሳይሆን ቶሎ ትግላለች ማለትም ነው። ዶሮ ደግሞ እንደ እኛ አታልብም። ሙቀት ሲበዛባት አፏን ከፍታ ታለከልካለች፤ ባለከለከች ቁጥር ከሰውነቷ ውሃ ይጎድላል።

በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስፈልጋት ሙቀት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ የሚለካውም ጣሪያው ሥር ሳይሆን ጀርባዋ በሚደርስበት ከፍታ። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። እንግዲህ አስቡት። በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ የተደፈነ ክፍል እኩለ ቀን ላይ ያለ አምፖልም ከ30 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ያው ክፍል ሌሊት ላይ (አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗን አትርሱ) ብርድ በብርድ ይሆናል። ሌሊት ነፍስ ያዳነው አምፖል ቀን ገዳይ ነው። አንድ ዓይነት ሙቀት ለ24 ሰዓት የሚባል ነገር የለም።

ቴርሞሜትር ለሌለው ሰው ጌጁ ጫጩቶቹ ራሳቸው ናቸው። ሲበርዳቸው አምፖሉ ሥር ተደራርበው ይጮኻሉ። ሲሞቃቸው ከአምፖሉ ሸሽተው ግድግዳ ይይዛሉ፤ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ክንፋቸውን ይጥላሉ፣ ድምፃቸው ይጠፋል። ሁሉም ወደ አንድ ጥግ ከተሰበሰቡ ደግሞ ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ ፈልጉ። የዚያ ልጅ ጫጩቶች የት ነበር የሞቱት? ግድግዳው ሥር! ከዚህ በላይ ምን ይናገሩ?

ስለዚህ አምፖሉ ከክፍሉ አንድ ጎን ይሁን፤ የሞቃት ጫጩት የምትሸሽበት ቦታ ታግኝ። ቀን ላይ ከፍ ይደረግ ወይም ይጥፋ። መስኮቱ ከላይ በኩል ይከፈት፤ ነፋሱ ግን ወለሉ ላይ አይውረድ። ውሃው ከአምፖሉ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ቶሎ ቶሎም ይቀየር። (ኤልኢዲ አምፖል የሰቀላችሁ ካላችሁ ደግሞ ብርሃን እንጂ ሙቀት አልሰጣችሁም።) መብራት ሲሄድ በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድማ የጫጩት ብቻ ሳይሆን የሰውም መጨረሻ ነው።

አያቶቻችን ዶሮ ሲያሳቅፉ ይህን ሁሉ ሒሳብ አልሠሩም። የሠራችው ዶሮዋ ናት። የበረደው ክንፏ ሥር ይገባል፤ የሞቀው ይወጣል። የጅማ ተመራማሪዎች ለዓመታት ያጠኑት የሳር ሣጥንም ሐሳቡ ከዚህ አይርቅም። ዙሪያውን ሣር የተጠቀጠቀበት ሣጥን የጫጩቶቹን የራሳቸውን ሙቀት ይዞ ያሳድራቸዋል፤ ቀን ወጥተው ይውላሉ። መብራት አይጠይቅም።

የሌማት ትሩፋት በኅዳር 2015 ዓ.ም. ሲጀመር ዶሮና እንቁላል ከዋናዎቹ ዓላማዎች መካከል ነበሩ። እሰየው! ግን ጫጩት የሚሸጥም የሚያከፋፍልም አካል ከካርቶኑ ጋር አንድ ቴርሞሜትርና ስለ ሙቀት መብዛትም የሚናገር አንድ ገጽ ወረቀት ቢሰጥ ምን ይጎዳል? ሠላሳ የሞቱ ጫጩቶች ስንት ቴርሞሜትር ይገዙ ነበር?

አንድ ነገር ልጨምርና ልተወው። ጫጩት የሚሞቃት ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ልጁ መርካቶ ነው፤ ቤት ያለችው እናቱ ወይም እህቱ ናት። ሥልጠና ሲኖር የሚጠራው ግን እሱ ነው፤ ጫጩቶቹ በስሙ ተመዝግበዋላ! አምፖሉን የምታጠፋዋ እሷ ከሆነች ወንበሩ ላይ የምትቀመጠውም እሷ ትሁን።