አዳራሹ ታደሰ፤ የቀበሌ ቤቱስ?

በጥቅምት 2017 አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ ውስጥ ሁለት ሥራዎች ጎን ለጎን ይካሄዱ ነበር። በ1953 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ዓመታት ከፈጀ እድሳት በኋላ እንደገና ተከፈተ። አርቱሮ መዜዲሚ የነደፈው ሕንጻ መልኩን ሳይለቅ ተጠናከረ፤ የአፈወርቅ ተክሌ ግዙፍ የመስታወት ሥዕልም ተጠግኖ በቦታው ቆመ። ከዚያው ጥቂት እልፍ ብሎ ደግሞ በከተማዋ የኮሪደር ልማት ሁለተኛ ምዕራፍ የሰፈሩ መኖሪያ ቤቶች እየፈረሱ ነበር። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ከከተማዋ ደቡብ ጫፍ ወደሚገኘው ገላን ጉራ ሄዱ።

ያረጀ ሕንጻ ማደስ በአዲስ አበባ እንግዳ ነገር አይደለም። ታላቁ ቤተ መንግሥት በ2012 አንድነት ፓርክ ሆኖ ለሕዝብ ሲከፈት የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ቤቶች ታድሰው ነበር። ተራው ሰው የሚኖርበት ቤት ላይ ሲደረስ ግን «ይታደስ ወይስ ይፍረስ?» የሚለው ጥያቄ እንኳ አይነሳም። መነሳት አለበት።

የቀበሌ ቤቶች ለምን እንደጎሳቆሉ ማወቅ ያስፈልጋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው በወር ከመቶ ብር የማይበልጥ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ዘንድ ገቡ። ኪራዩ በአዋጁ ተቀነሰና እዚያው ላይ ለአሥርተ ዓመታት ቆመ። በወር ጥቂት ብር የሚሰበስብ ቀበሌ ቆርቆሮ ሊቀይር አይችልም። ተከራዩም ቢሆን የራሱ ባልሆነ ቤት፣ ያውም ፈቃድ ጠይቆ፣ ጥሪቱን ለማፍሰስ አይደፍርም። ስለዚህ ምርጊቱ ረገፈ፣ የግድግዳው እንጨት ከሥሩ በሰበሰ፣ አንድ የጋራ ሽንት ቤት ለስንት አባወራ ሆነ። ቤቶቹን የጣላቸው ዕድሜያቸው ብቻ አይደለም። ባለቤቱም ተከራዩም እንዳይጠግኗቸው ያደረገ አሠራር ነው።

ሁሉም ቤት ይትረፍ ማለት አይደለም። እሳት ቢነሳ መኪና የማይገባበት ጠባብ መንገድ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ የሚገባበት ጓዳ አለ፤ እዚያ ልጆች ያሳደገች እናት «ይፍረስ» ብትል ማንም ሊፈርድባት አይችልም። አዲስ ቤት፣ የራስ ሽንት ቤትና የቧንቧ ውሃ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ያለው በስብሶ ያለቀውም፣ ግድግዳውና ቆርቆሮው ቢቀየር ሌላ ሠላሳ ዓመት የሚያገለግለውም ለሚፈርስ ቤት በሚቀባ አንድ ቀይ ምልክት መፍረሳቸው ላይ ነው።

ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙም በማይርቀው ተክለ ሃይማኖት ሌላ መንገድ ተሞክሮ ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ በመሩት ሥራ ነዋሪዎች ሰፈራቸውን ሳይለቁ የጎሳቆሉ ቤቶች ተጠገኑ፣ የባሰባቸው እንደገና ተሠሩ፣ የጋራ ማእድ ቤትና ሽንት ቤት ተጨመረ፣ መተላለፊያው በድንጋይ ተነጠፈ። ምን ይቅደም የሚለውን የሚወስኑት ነዋሪዎቹ ነበሩ። ጉልበትም አዋጡ። ይህ ሥራ በከተማ አስተዳደር ደረጃ አለመስፋፋቱ ያስቆጫል።

ዛሬም ቢሆን በየክረምቱ በበጎ ፈቃድ የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ ራሳቸው ተሳትፈውበታል። አንዱ ተጠግኖ፣ ሌላው ከመሠረቱ ተሠርቶ ባለቤቱ እዚያው ይገባል። ለአንዲት አሮጊት በበጎ ፈቃድ የሚደረገው ለአንድ ሙሉ ሰፈር በዕቅድና በበጀት የማይደረግበት ምክንያት አይታይም።

ነዋሪውን ሳያስወጡ ማደስ ሌላ አገርም ተሞክሯል። ፈረንሳይ ቦርዶ ውስጥ ግራን ፓርክ በሚባል ሰፈር 530 አፓርታማ ያሏቸው ሦስት አሮጌ ሕንጻዎች ነበሩ። አን ላካቶን፣ ዣን ፊሊፕ ቫሳልና ባልደረቦቻቸው አላፈረሷቸውም። ከውጭ በኩል ሰፊ በረንዳ ጨመሩላቸው፣ ውስጡን አደሱ። ተከራዮቹ ሥራው ሲካሄድ ከቤታቸው አልወጡም፤ ኪራያቸውም አልናረም። ሁለቱ አርክቴክቶች በ2021 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሙያውን ትልቁን ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን ወሰዱ። የቦርዶ ኮንክሪትና የአዲስ አበባ ጭቃ አንድ አይደሉም፤ ሐሳቡ ግን ይሠራል።

ይህ ሁሉ ስለ ግድግዳ ብቻ አይደለም። መሿለኪያን በመሰለ የመሀል ከተማ ሰፈር የሚኖር የቀን ሠራተኛ፣ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት የምታስረክብ፣ ጉልት የምትቸረችር ሴት ኑሯቸው የቆመው በአካባቢው ገበያ ላይ ነው። ከተማው ዳር ሲወጡ የሚያገኙት ቤት የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ገቢያቸው ግን ይቀራል፣ በየቀኑ ለታክሲ የሚወጣው ይጨምራል፣ እድሩም ይበተናል። ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው አንዳንዶች ክፍያው ሲከብዳቸው ቤቱን አከራይተው ራሳቸው መሀል ከተማ በደባልነት መኖራቸው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 የግል ተከራይን ከድንገተኛ ጭማሪ ለመጠበቅ ታስቦ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይም ቢያንስ የዚያን ያህል ዋስትና ይገባዋል።

በመሀል ከተማ ገና ያልተነኩ መንደሮች አሉ። የከተማ አስተዳደሩ እዚያ ምልክት ከመቀባቱ በፊት መሐንዲሶችን ቤት ለቤት ይላክ፤ የሚጠገነውን ከማይጠገነው ለይተው ይመዝግቡ፣ ዝርዝሩንም ወረዳው ግድግዳ ላይ ይለጥፈው። ለሚጠገነው ቤት ተከራይ የረጅም ጊዜ ውልና የጥገና ብድር ይሰጠው፤ ኪራዩም ለእድሳት በሚበቃ፣ ነዋሪውም በሚችለው መጠን ይስተካከል። የማይጠገነው ሲፈርስ ምትኩ እዚያው ሰፈር ይሠራ፤ የመጀመሪያው ቁልፍም ቤቱ ለፈረሰበት ነዋሪ ይሰጥ።