ሬዲዮ ጣቢያ ፕሮግራሙን ሲቀይር አድማጩም ይጠየቅ



ሰሞኑን ቡና በሚጠጣበትም ሆነ በእድሩ ድንኳን ሥር አንድ ጥያቄ ሲመላለስ ሰንብቷል። «ያ የማለዳው ፕሮግራም የት ገባ?» የሚል ነው። ብዙዎቻችን የምንከታተለው አንድ ጣቢያ የስርጭት ሰንጠረዡን ቀይሯል። የግብርና ምክሩ፣ የአየር ጠባዩና የገበያ ዋጋው ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል ተነስቶ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ተደርጓል። በቦታው ዘፈንና የውጭ አገር የእግር ኳስ ወሬ ገብቷል። ጣቢያውን በስም መጥራት አላስፈለገንም። ነገሩ የአንድ ጣቢያ ብቻ ሳይሆን የብዙዎቹ ጠባይ እየሆነ መጥቷልና።

ዘፈን አንጠላም። ኳሱንም ልጆቻችን ይወዱታል፤ ይስሙት። የእኛ ጥያቄ ስለ ሰዓቱ ነው። በ4 ሰዓት ገበሬው ሞፈር ጨብጧል፣ እናቶች ወንዝ ወርደዋል ወይም ገበያ ሄደዋል፣ ተማሪው ክፍል ገብቷል። ታዲያ ማን ቤት ቀርቶ ይስማው? ዝናብ ይመጣል አይመጣም የሚለው ወሬ የሚጠቅመው እህሉ አውድማ ላይ ሳይሰጣ በፊት ነው። ስንዴው ዋግ መታው፣ ተምች ገባ የሚለው ማስጠንቀቂያ የሚጠቅመው ገበሬው ወደ ማሳው ከመውጣቱ በፊት ነው። የድንች ዋጋ የሚጠቅመው አህያው ሳይጫን ነው። ሰዓቱ ያለፈበት ምክር እንደ ዘገየ ዝናብ ነው፤ ይዘንባል እንጂ አያበቅልም።

ጣቢያ መልኩን ሲለውጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ከ1927 ዓ.ም. የአቃቂ ጣቢያ ጀምሮ ሬዲዮ በአገራችን ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። ከታዩት ትልልቅ ለውጦች አንዱን ሽማግሌዎቻችን ያስታውሱታል። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተመረቀ። ገጃ ላይ የተተከሉት ሁለት ማሰራጫዎቹ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት ስለነበሩ ድምፁ ከአገራችን አልፎ ወደ ሌላው አፍሪካና ወደ እስያ ይሄድ ነበር። ስሙ የሃይማኖት ይሁን እንጂ የሚበዛውን ጊዜ ለዜና፣ ለትምህርትና ለኑሮ ምክር የሰጠ ጣቢያ ነበር። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ግን መንግሥት ወረሰውና «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ተባለ። ማሰራጫው ያው፣ ሕንፃው ያው ሆኖ የሚነገረው ነገር ሌላ ሆነ። አድማጩን ግን «ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቀው የለም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥም የአገሪቱ ሬዲዮ ቃሉ እንደገና ተለወጠ፤ ያኔም አድማጩ የሰማው ከተለወጠ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ለውጥ የሞገድ ለውጥ ነው። በ1992 ዓ.ም. ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ተከፈተ። ቀጥሎ የግል ጣቢያዎች መጡ፣ በክልላችንም ባሕር ዳር ላይ ኤፍ ኤም 96.9፣ ጎንደር ላይ ፋና ኤፍ ኤም 98.1 ተሰሙ። የኤፍ ኤም ድምፅ ጥሩ ነው፤ ኩልል ይላል፣ አያንኮራኩርም። ነገር ግን እኛን የሚመለከት አንድ ጉድለት አለበት። የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ዓይን ነው፤ ፊት ለፊት የሚያየውን ብቻ ነው የሚደርሰው። መካከለኛ ሞገድ መሬቱን እየዳበሰ ይመጣል፣ ማታ ደግሞ ይብስ ይርቃል። አጭር ሞገድ ከሰማይ ተነጥሮ ይወርዳል። ኤፍ ኤም ግን ተራራ ሲያጋጥመው እዚያው ይቀራል።

በእኛና በደብረ ታቦር መካከል ደግሞ ማን እንደቆመ ይታወቃል፤ ጉና ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ በድምፅ ጥራት አይገፋም። በንፋስ መውጫ ከፍ ያለው ሰፈር የሚሰማውን ቆላው ጋይንት አይሰማውም። ስማዳ ወደ አባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ ሲወረድ ሬዲዮው ጩኸት ብቻ ይሆናል። እስቴም እንደየጎጡ ነው፤ እዚህ ማዶ ይሰማል፣ እዚያ ማዶ ይጠፋል። ስለዚህ ጣቢያዎች «ወደ ኤፍ ኤም ገባን፣ ዘመናዊ ሆንን» ሲሉ የከተማው ሰው ደስ ይለዋል፤ የሸለቆው ሰው ግን ከስሌቱ ይወጣል። ድምፁ ጠራ፤ የሚደርስበት አገር ጠበበ።

ማታ ማታ በአጭር ሞገድ የውጭ ጣቢያ የሚከታተሉም አሉን። የጀርመን ድምፅ የአማርኛው ክፍል ከ1957 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛው ክፍል ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ በየቤቱ ሲሰሙ ኖረዋል። የአሜሪካው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ድንገት ሲቋረጥ ብዙ አባቶች ሬዲዮው ተበላሸ ብለው የባትሪ ድንጋይ ሊገዙ ሱቅ ሄዱ። ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ሩቅ ባሉ ሰዎች ውሳኔ ይቆማል። ስለ ጋይንት ድርቆሽና ስለ ስማዳ ጤፍ የሚያወራልን ግን ከሩቅ አይመጣም። እሱ ከዚሁ ከቅርባችን ካልተነገረ ከየትም አይነገርም።

የጣቢያዎቹንም ችግር እንረዳለን። ማሰራጫ በመብራት ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ነዳጅ ይፈልጋል፤ ጋዜጠኛው ደመወዝ ይፈልጋል። ማስታወቂያ የሚያስነግረው ነጋዴ ደግሞ ወጣቱ የሚሰማበትን ሰዓት ይመርጣል። ከአንድ ስቱዲዮ የተዘጋጀ ፕሮግራም ለብዙ ከተማ ማስተላለፍም ወጪ ይቀንሳል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ወጪ የተቀነሰው በማን ላይ ነው? ብሎ መጠየቅ ደግሞ የእኛ ድርሻ ነው።

የዚህን ጣጣ ሌላው ዓለም አይቶታል። በጥር 1994 ዓ.ም. በአሜሪካ ማይኖት በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ አሞኒያ የጫነ ባቡር በሌሊት ከሐዲዱ ወጣና መርዙ በከተማው ላይ ተበተነ። የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ብዙዎችም ተጎዱ። በከተማዋ የነበሩት ስድስቱ የንግድ ሬዲዮ ጣቢያዎች በአንድ ትልቅ ኩባንያ እጅ ገብተው፣ ብዙው ፕሮግራማቸው ከሌላ ቦታ የሚላክ ሆኖ ነበር። ፖሊስ ሕዝቡን ለማስጠንቀቅ ሲደውል ወዲያው የሚያነሳለት እንዳጣ በሰፊው ተነግሯል። ኩባንያው በበኩሉ ጥፋቱ የእኔ አይደለም ብሎ ተከራክሯል። ጥፋቱ የማንም ይሁን፣ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ዘፈኑ ይዘፈናል፤ ችግር ሲመጣ ግን «እናንተ ሰዎች ተጠንቀቁ» የሚል የአገር ልጅ ማይክሮፎኑ አጠገብ ከሌለ ጣቢያው ለዚያ አገር አለ አይባልም። እኛም መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲቋረጥ፣ ወረርሽኝ ሲገባ የምንቀረው ከሬዲዮ ጋር ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 ጣቢያዎችን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ በሦስት ከፍሏቸው ነበር። በ2013 ዓ.ም. በወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238ም የማኅበረሰብ ሬዲዮ ቦታ አለው። የማኅበረሰብ ሬዲዮ ማለት ለትርፍ ያልቆመ፣ በአንድ አካባቢ ያለ ሕዝብ ለራሱ ጉዳይ የሚያቋቁመውና የሚሳተፍበት ነው። ስለዚህ ሬዲዮ ከላይ የሚወርድ ስጦታ ብቻ አይደለም። ሕዝብ ሐሳብ የሚሰጥበት፣ አቅሙ ሲፈቅድም የራሱ የሚያደርገው ነገር ነው።

የማኅበራችን ሥራ አመራር በዚህ ጉዳይ ተነጋግሮ የሚከተለውን አቅዷል፤

አንደኛ፣ በየቤቱ አንድ ወረቀት ይዞራል። የትኛውን ጣቢያ በስንት ሰዓት እንደምትሰሙ፣ በሰፈራችሁ ጥርት ብሎ ይሰማ እንደሆነ፣ የትኛው ፕሮግራም እንደቀረባችሁ ትሞሉታላችሁ። መጻፍ የማይችል ካለ ልጆቹ ይጻፉለት። ቆላ ያሉ ዘመዶቻችሁንም ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ወረቀቱ ተሰብስቦ በእድሩ ማኅተም ለጣቢያው ደብዳቤ ይጻፋል። የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የገበሬው ፕሮግራም ወደ ማለዳው ይመለስ፤ ካልተቻለ ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ይደገም። ሰንጠረዡ ሲቀየርም ቀድሞ በዚያው በሬዲዮው ይነገረን።

ሦስተኛ፣ ጥሩ ሬዲዮ ያላችሁ ነዋሪዎች በረንዳችሁን ክፈቱ። አንድ ሬዲዮ ለአሥር ቤት ይበቃል። የሰማ ላልሰማ ይንገር።

የስድብ ደብዳቤ አንጽፍም። በጣቢያው የሚሠሩት ልጆች የእኛው ልጆች ናቸው፤ በእነሱ ላይ ቂም የለንም። ነገር ግን ጣቢያ አድማጩን የሚያውቀው አድማጩ ሲናገር ነው። ዝም ካልን «ወደውታል» ይባላል። ደሞ ማን ይፈርድባቸዋል?

የሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ መልስ በእድሩ ግቢ ስብሰባ አለ። እናቶች በተለይ እንዳትቀሩ፤ በማጀት ሬዲዮ ከፍታችሁ የምትውሉት እናንተ ናችሁና ቃላችሁ ይፈለጋል። ወጣቶችም ኑ፤ የኳሱ ሰዓት እንዲነካ የሚፈልግ የለም። ሰዓቱ ለሁላችንም ይበቃል፤ ተነጋግሮ መከፋፈል ብቻ ነው የቀረው።

ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት