የፊት ደም ቅዳዎች አቀማመጥና የመልሶ ማስተካከያ ቀዶ ሕክምና

ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ብዙም በማይርቀው የዘነበወርቅ አካባቢ የሚገኘው የአለርት ማዕከል በሀገሪቱ የመልሶ ማስተካከያ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ልዩ ሥፍራ አለው። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ሆኖ የተቋቋመ ሲሆን፣ በሂደት የአጠቃላይ ሆስፒታል አገልግሎትን አካቷል።

የሥጋ ደዌ ነርቭን በመጉዳት ዓይን እንዳይከደን ያደርጋል፤ ቅንድብን ያረግፋል፤ የአፍንጫን ድልድይም ያሰምጣል። ሕመምተኛው በመድኃኒት ከተፈወሰ በኋላም መልኩ የሕመምተኛ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ሥራና ትዳር የሚያሳጣውም ብዙውን ጊዜ ይኸው መልክ ነው።

የረገፈን ቅንድብ ለመተካት ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ ጸጉር ያለበትን የራስ ቆዳ ከነደም ቅዳው ወደ ቅንድብ ሥፍራ ማዛወር ነው። ቆዳው በሕይወት የሚቆየው ደም ቅዳው ሳይቆረጥ አብሮት ከሄደ ብቻ ነው። በመሆኑም ሐኪሙ ቢላዋ ከማንሳቱ በፊት የደም ቅዳውን መንገድ በቆዳው ላይ በቀለም ያሰምራል። የሰሌን ደም ቅዳ ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ለፊት በጣት ሲነካ ይመታል፤ ከጉንጭ አጥንት በላይ ጥቂት ከፍ ብሎም ወደ ግንባርና ወደ አናት ለሁለት ይከፈላል። ዋናው የፊት ደም ቅዳ ደግሞ ጥርስ ሲነከስ ከሚወጠረው የማኘኪያ ጡንቻ ፊት የታችኛውን መንጋጋ ጠርዝ ተሻግሮ በአፍ ጥግ አጠገብ ወደ ዓይን ጥግ ያመራል። ለአፍንጫ ጥገና የግንባር ቆዳ ሲዛወር የሚፈለገው ደም ቅዳ ከግንባር መካከል ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ግድም ርቆ፣ በቅንድብ ውስጠኛ ጫፍ ይወጣል።

እነዚህ ምልክቶች ወጪ የማይጠይቁ ቢሆኑም አቀማመጣቸው ከሰው ሰው ይለያያል። በተለይም በኖማ በተጎዳ ፊት ላይ ምልክቱን ብቻ ማመን አደገኛ ነው። በአብዛኛው የተመጣጠነ ምግብ የሚያጡ ሕፃናትን የሚያጠቃው ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 በዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ ተመዝግቧል። ኖማ ጉንጭንና ከንፈርን ስለሚበላ የፊት ደም ቅዳው ራሱ በጠባሳ ተውጦ ወይም ጠፍቶ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ቆዳውን ከሰሌን፣ ከግንባር ወይም ከደረት ማምጣት ግድ ይሆናል።

የእጅ ዶፕለር የተባለው ትንሽ መሣሪያ የደም ፍሰትን በድምፅ ስለሚያሰማ የጣትን ግምት ለማረጋገጥ ይረዳል። ከትላልቅ የምስል መሣሪያዎች ጋር ሲነጻጸርም ዋጋው እጅግ ዝቅተኛ ነው። ይሁን እንጂ ያለ ጄልና ያለ ባትሪ አይሠራምና፣ የሆስፒታል የግዥ ጥያቄ ሲዘጋጅ የእነዚህ አላቂ ዕቃዎች በጀት ከመሣሪያው ጋር አብሮ ሊያዝ ይገባል።