የቤተ መጻሕፍት አካውንታችን ስለ እኛ ምን ያወራል?

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ከአሊ አዴ ካምፕ ለሕክምና ወደ ጅቡቲ ከተማ የመጣ አንድ ወንድማችን ያጫወተኝ ነገር ነው። ከተማ ሲመጣ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ መጽሐፍ ይዋሳል። አንድ ቀን የመመለሻ ቀኑን ለማራዘም ኢንተርኔት ቤት ገብቶ አካውንቱን ከፈተ፤ ሲወጣ ግን ሳይዘጋው ቀረ። ከሁለት ቀን በኋላ የማያውቀው ሰው ደወለለት። ስሙን ያውቃል፣ ስለ ካናዳ የተዋሰውንም መጽሐፍ ያውቃል። «ካናዳ መሄድ እንደምትፈልግ አውቃለሁ፤ ትንሽ ገንዘብ ካለህ እኔ አለሁልህ» አለው። ደግነቱ ወንድማችን ነቃ ያለ ነውና ስልኩን ዘጋበት።

ብዙዎቻችን «የቤተ መጻሕፍት ካርድ ደግሞ ምን ምስጢር አለው?» እንላለን። አለው እንጂ! ስማችን፣ ስልካችን፣ የመታወቂያ ቁጥራችን፣ ምን እንደተዋስን፣ መቼ እንደመለስን እዚያ ሊገኝ ይችላል። የምናነበውን ያወቀ ሰው የምናስበውን ይገምታል። በቀይ ሽብር ዘመን በፍተሻ የተገኘ መጽሐፍ ሰውን ለእስር ይዳርግ እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካው ኤፍቢአይ በኮነቲከት ግዛት የአንድ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ማን እንደተጠቀመበት የሚያሳይ መረጃ ጠየቀ። አራት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች «አንሰጥም» ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ2006 ኤፍቢአይ ጥያቄውን ተወው። ሁሉም መዝገብ ግን እንዲህ የሚሟገትለት አያገኝም። በጥር 2022 የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ መረጃ በሰርጎ ገቦች ተጠቅቶ ከ515,000 በላይ ሰዎች መረጃ ተጋልጧል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከቤተሰብ የተጠፋፉና የተሰደዱ ይገኙበታል። አንዴ የወጣ መረጃ አይመለስም፤ ስለዚህ ጥንቃቄው ከመውጣቱ በፊት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? የጋራ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ አካውንት ከከፈታችሁ ገጹን መዝጋት ብቻውን አይበቃም። «ዴኮኔክሲዮን» የሚለውን ፈልጋችሁ ውጡ። ኮምፒውተሩ «የይለፍ ቃሉን ላስቀምጥልህ?» ሲል እንቢ በሉ። መጀመሪያ የተሰጣችሁ የይለፍ ቃል የልደት ቀናችሁ ወይም የካርድ ቁጥራችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት። የካርዳችሁን ፎቶ በዋትስአፕም በቴሌግራምም አትላኩ። ካርዳችሁን ለጓደኛ ስትሰጡ እሱ የሚዋሰው ሁሉ በእናንተ ስም ይመዘገባል፤ ቅጣቱም የእናንተ ነው።

ስትመዘገቡ ደግሞ ለመጠየቅ አትፍሩ። «ይህ ቁጥር የግድ ያስፈልጋል? ማን ያየዋል? መጽሐፉን ከመለስኩ በኋላ የተዋስኩት ይሰረዛል?» በሉ። ለምሳሌ ኮሃ የሚባለውና ብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀሙበት ነፃ ሶፍትዌር፣ ቤተ መጻሕፍቱ ከፈቀደ አንባቢው የንባብ ታሪኩ እንዳይቀመጥ ራሱ እንዲመርጥ ያስችለዋል። የሐሰት ስም ግን አትስጡ፤ ነገ ስም ሲመሳከር ችግሩ ወደ እናንተው ይዞራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ይህን የምለው ከቤተ መጻሕፍት እንድትሸሹ አይደለም። የጅቡቲ የ2017ቱ የስደተኞች ሕግ የመማር መብታችንን አውቆልናል። ጅቡቲ በበጋ ስትግል ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ቋንቋ መማር ለስደተኛ ትልቅ ነገር ነው። በፍርሃት ንባብ ያቆመ ሰው ከሌባው በላይ ራሱን ይጎዳል። ቤተ መጻሕፍቱም የበኩሉን ያድርግ፤ የማያስፈልገውን አይጠይቅ፣ የጠየቀውን ይጠብቅ።

ያ ወንድማችን የይለፍ ቃሉን ቀይሮ፣ መጽሐፉን መልሶ፣ ሌላ ተውሶ ወደ አሊ አዴ ተመልሷል። እናንተም አንብቡ፤ ስትጨርሱ ግን በሩን ዝጉ።