ሐካቶኑ ወደ ሐሙሲት ይምጣ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ወረታ ከመድረሱ በፊት፣ የደራ ወረዳዋ ሐሙሲት አለች። ስሟ የገበያ ቀኗ ነው። ሐሙስ ሲሆን ሩዙ፣ ሽምብራው፣ ጓያው ከደራና ከአጎራባች የፎገራ ቀበሌዎች በአህያ ጀርባ፣ በጋሪና በባጃጅ ይገባል። እንዲህ ባለ ቀን ክፍል ውስጥ ያለው ተማሪ ይሳሳል፤ አንዱ ልጅ አህያ ሊነዳ፣ ሌላዋ ታናሽ ወንድሟን ልትጠብቅ ትቀራለች። አርብ ሲመለሱ መምህሩ የትናንቱን ይድገም ወይስ ይቀጥል? ለትምህርት የሚሠራ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ መነሳት ያለበት ከእንዲህ ያለው ጥያቄ ነው።

ሐካቶን አሁን አዲስ አበባ ውስጥ እንግዳ ነገር አይደለም። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1999 በካናዳ ካልጋሪ የተሰበሰቡ ፕሮግራመሮች ለስብሰባቸው አወጡት። ዛሬ አራት አምስት ሆነው የተቧደኑ ወጣቶች በአንድ ወይም በሁለት ቀን አንድ መሣሪያ ሠርተው ለዳኞች የሚያቀርቡበት ውድድር ሆኗል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያው አይኮግ ላብስ «ሶልቭ አይቲ» በተባለው ውድድሩ ከመዲናዋ ውጭ ያሉ ወጣቶችንም አሳትፏል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተመሠረተው ኤቱኤስቪ የተባለ ድርጅት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አሠልጥኖ ለታላላቅ የዓለም ኩባንያዎች አብቅቷል፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ ያተኮረ ሐካቶንም አዘጋጅቷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ መርሐ ግብር ደግሞ ኮድ የሚጽፈውን ወጣት ቁጥር ለማብዛት የታሰበ ነው። ሌሊቱን ኮድ ሲጽፉ የሚያድሩት ልጆች ክብር ይገባቸዋል። አዳራሹ ውስጥ የጎደለው አንድ ሰው ነው፤ የአንደኛ ደረጃ መምህሩ።

መምህሩ ስለሌለ የሁሉም ዓይን ወደ 12ኛ ክፍል ፈተና ያዘነብላል። ቁጥሩ በእርግጥ ያስደነግጣል። በ2015 ዓ.ም ከተፈተኑት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328 ደረሱ። ስለዚህ የጥያቄ ባንክ፣ የፈተና መለማመጃ፣ መልስ የሚያብራራ ቻትቦት ይሠራል። ጠቃሚ ነው፤ ግን ዘግይቷል። በ2002 ዓ.ም በተለያዩ ክልሎችና ቋንቋዎች የተካሄደው የንባብ ችሎታ ምዘና እንዳሳየው፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ፊደሉ ላይ የወደቀ ልጅ አሥር ዓመት ቆይቶ ፊዚክስ ላይ ቢወድቅ ማን ይደነቃል?

ስሌቱ ቀላል ነው። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል፣ በአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ መምህሩ ሌላ ምንም ባይሠራ እንኳ ለእያንዳንዱ ልጅ አርባ ሰከንድ ይደርሰዋል። ልጁ «ጸ» እና «ፀ» ላይ ይሁን «ቋ» ላይ የተደናቀፈው፣ ሦስተኛውን ከስድስተኛው ፊደል እያምታታ ይሁን በቃሉ የሸመደደውን እያነበነበ፣ በአርባ ሰከንድ አይለይም። እዚህ ላይ ማሽን ሊያግዝ ይችላል፤ ልጁ ሲያነብ ያዳምጣል፣ የተሳሳተበትን ይመዘግባል፣ ማታ ለመምህሩ «እነዚህ ሰባት ልጆች ራብዕ ላይ ቆመዋል» ይለዋል።

ለዚህ ግን የልጆች ድምፅ ያስፈልጋል። የቋንቋ ተመራማሪው ሰሎሞን ተፈራ አባተ እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ያደረገው የአማርኛ ንባብ ድምፅ ስብስብ 20 ሰዓት ነበር፤ ብዙ ምርምር ቆሞበታል፤ በአብዛኛውም የተቀዳው ከአዲስ አበባ ቃና ተናጋሪዎች ነው። «ዊስፐር» የተባለው የድምፅ ማወቂያ ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ በ680 ሺህ ሰዓት ድምፅ ሠልጥኖ ነበር፤ አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። የደራ ሕፃን በራሱ ለዛ ሲያነብ የሚሰማ ማሽን ከእንዲህ ያለ ክምችት በራሱ አይወለድም። አንድ ሰው ሄዶ መቅዳት አለበት።

ቴክኖሎጂ መምህሩን ሲዘልለው ምን እንደሚሆን ለማየት ፕላዝማን ያስታውሱ። ከሃያ ዓመት በፊት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ይሰራጭ የነበረው ትምህርት የተዘጋጀው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ በእንግሊዝኛ ነበር። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛ ደቂቃ ስክሪኑ ወሰደው፤ መምህሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተረፈው። ተማሪው ሳይገባው ስክሪኑ ያልፋል፤ እጅ ቢያወጣ የሚያየው የለም። መብራት ከሄደ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይሄዳል። ያ ሁሉ ወጪና ያ ሁሉ በጎ ሐሳብ መምህሩን በገዛ ክፍሉ ተመልካች አደረገው።

የፎገራ ሜዳ ሌላ ታሪክ አለው። ሩዝ ወደዚህ የመጣው በደርግ ዘመን ነው፤ ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች በደራው ጅግናና በፎገራው ሻጋ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል አስተዋወቁት። «ኤክስ-ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። የባለሙያዎቹ ዘር ብቻውን ሜዳውን አልሸፈነም፤ ገበሬው ውኃ በሚተኛበት ማሳው ሞከረው፣ ሴቶቹ ዱቄቱን ከጤፍ ቀላቅለው እንጀራ አወጡለት። ዛሬ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ወረታ ላይ ነው፤ ምርምሩ ማሳው ወዳለበት መጣ። የትምህርት ቴክኖሎጂም ይህን መንገድ ቢከተል ምን ይከለክለዋል?

እንግዲህ ሐካቶኑ ሐሙሲት ላይ ይሁን። እያንዳንዱ ቡድን ውስጥ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል የሚያስተምር መምህር ወይም መምህርት ይግቡ፤ እንደ እንግዳ ሳይሆን አበል እየተከፈላቸው፣ እኩል ድምፅ ይዘው። መሣሪያው ያለ ኔትወርክ ይሥራ፤ ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ያህል ተዘግቶ ነበር። ትንንሽ ሞዴሎችን ርካሽ ስልክ ላይ ጭኖ ማሠራት ዛሬ ይቻላል። የልጆቹ ድምፅ ሲቀዳ ወላጅ ፈቅዶ፣ ቅጂውም ከትምህርት ቤቱ እውቅና ውጭ የማይወጣ ይሁን። ከሽልማቱ ግማሹ በውድድሩ ማግስት፣ ግማሹ ደግሞ መሣሪያው አንድ ሴሚስተር ክፍል ውስጥ ሠርቶ ሲታይ ይከፈል።

ጊዜውም ይመረጥ። ክረምት ላይ ጉማራና ርብ ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ፣ ትምህርት ቤቱም ዝግ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ የሩዝ አጨዳ ነው፣ ልጁ ማሳ ላይ ነው። የካቲት ይሻላል። ሐሙስ ገበያውን ማየት፣ አርብ ክፍል ገብቶ ትናንት የቀሩትን ልጆች ማዳመጥ፤ ኮዱ ቅዳሜና እሑድ ይጻፋል። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚነሳ ቡድን ማለዳ መናኸሪያ ከተገኘ ለሐሙሱ ገበያ ይደርሳል።